ሆን ተብሎ የዘገየ ሰዓት

ሰዓት ሠሪውን ጋሽ ኑርሁሴንን የማያውቅ መርሳ ላይ የለም። እኔ ሂሩት የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ስለ ሰዓት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰዓት ሲያመጡላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት "የት ነው የሚኖረው?" ብለው ነው። ቆላ ከሆነ ሙቀቱ ያዘገየዋል፤ ደጋ ከሆነ ብርዱ ያስቸኩለዋል። ስለዚህ ደጋ የሚወጣውን እዚሁ አዘግይተው ይሰጣሉ።

በ1979 ዓ.ም. ከወልድያ በላይ ደጋው ላይ ለተከፈተ ጤና ጣቢያ የጠረጴዛ ሰዓት ጠግነው አስረከቡ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ካሳሁን ወደ ደጋ ሳይልከው ቢሮው አስቀምጦ ከራዲዮ ጋር ቢያስተያየው በቀን አንድ ደቂቃ ይዘገያል። አስጠርቶ ጠየቃቸው።

"ሆን ብዬ ነው" አሉት።

ወይ ጉድ! በዚያ ዘመን "ሆን ብዬ" ይባላል? "አሻጥር ነው!" ብሎ አሰራቸው። ሰዓቱን አስተካክለው ቤትዎ ይግቡ ቢባሉም እምቢ አሉ። "እዚህ ካስተካከልኩት እዚያ ይዋሻል። ነርሷ መድኃኒት የምትሰጠው በሱ ነው፤ ወላሂ አልነካውም!"

ደሜ ፈላ። ቢሮው ዘው ብዬ ገባሁ።

"ጓድ፣ አሜሪካኖች መርከብ የሚመራ ሳተላይት ያመጥቃሉ። እዚያ ላይ የመሬት ስበት ስለሚላላ የተሸከመው ሰዓት ይፈጥናል። የሳተላይቱ ሩጫ ጥቂት ቢያዘገየውም፣ ተቀናንሶ በቀን ሠላሳ ስምንት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይቀድማል። ይቺ ካልታረመች መርከቡን በአንድ ቀን አሥር ኪሎ ሜትር ታሳስታለች! ስለዚህ ሳይመጥቅ እዚሁ ምድር ላይ ሆን ብለው ያዘገዩታል። የጋሼ ምክንያት ብርድ ነው፤ ብልሃቱ ግን ያው ነው!"

"የኢምፔሪያሊስት ሰዓት!"

"ሶቭየቶችም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት!"

ሰዓቱን አንስቶ ሰጠኝ። "ሰባት ቀን ደጋ ላይ ይሞከር" አለ በመጨረሻ። "ከሳተ ግን ለአንቺም አልመለስም።"

ሰዓቱን ታቅፌ በጭነት መኪና ደጋ ወጣሁ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ በየቀኑ ከራዲዮው ጋር አስተያየሁት። በሰባት ቀን የሳተው ግማሽ ደቂቃ ብቻ! ነርሷ ይህንኑ በጽሑፍ አረጋግጣ ሰጠችኝ። ጓድ ካሳሁን ሁለት ጊዜ አነበበና የእስር ቤቱን በር አስከፈተ።

ጋሽ ኑርሁሴን ከስተው ወጡ። ትከሻቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። "ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው የሳተው፣ ጋሼ!"

"ቀደመ ወይስ ዘገየ?"

"ተፈቱ እኮ ነው የምልዎት!"

"ሰማሁ፣ ልጄ። ቀደመ ወይስ ዘገየ?"

"ቀደመ።"

"ኤዲያ! ብርዱን ንቄው ነው" አሉ፤ ፊታቸው ጠቆረ። "ወደ ደጋ የሚወጣው መኪና መቼ ነው?"