እንደሻውና የመነጽሩ ገመድ

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ እንደሻው፣ ጀጎል ውስጥ አብረን በምንሠራበት ትንሽ የቅርስ ቤት ጣሪያ ላይ በእርሳስ የመደመር ምልክት አድርጎ ሄደ። ሦስተኛው መንጠቆ የሚገባበት ቦታ ነው። ሁለቱ ተሰቅለዋል፤ ሦስተኛው አልተሰቀለም። በማግስቱ ማለዳ ልቡ ቆመ። ምልክቱን እንዳያጠፉት ለቀለም ቀቢዎቹ ነግሬያቸዋለሁ።

እኔ የሰነድ ክፍሉ ኃላፊ ነኝ፤ እሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። የተወለደው በ1958 ዓ.ም. እዚሁ ሐረር ነው። የመሥሪያ ቤቱ ማኅደር 1960 ይላል፤ ስሕተት ነው፤ የክርስትና ወረቀቱ በእጄ ይገኛል። በአራት ዓመቱ ፖሊዮ ግራ እጁን አዳከመበት። ስለዚህ ሽቦ ሲበይድ ዕቃውን በጉልበቶቹ መሐል ይዞ በቀኙ ብቻ ነበር የሚሠራው። ሰው ሊያግዘው ከተጠጋ፣ «አንዱን እጅህን ኪስህ ክተትና እኩል እንሁን» ይለዋል። ብዙዎች ከተው ሞክረዋል፤ መፍቻ እግራቸው ላይ ጥለው ይሄዳሉ።

በ2016 መጨረሻ ሁለት ቪአር መነጽሮች ተሰጡን። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ዙሪያውን ሲያይ፣ አስቀድሞ የተቀረጸ አሮጌ የጀጎል ቤት ውስጥ የገባ ያህል ይሆንለታል። የታሰበውም ደረጃና ጠባብ መንገድ ለሚቸግረው ሰው ነበር። ሥራውን የያዘው ናትናኤል የሚባል፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። መነጽሩ ግን በሁለቱም እጅ መያዣ ካልያዙ አይታዘዝም ነበር። እንደሻው ናትናኤልን ሳምንት ሙሉ ነዝንዞ ትእዛዙን ሁሉ አንዱ መያዣ ላይ አስደረበው።

የዚህ ሁሉ ልፋት ፈተና የሆኑት እማማ ለይላ ናቸው። የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው፤ ከቀረጽናቸው ቤቶች በአንዱ ተወልደው አድገዋል። እግራቸው እምቢ ካለ ወዲህ ግን፣ መንገዱ ዊልቸር ስለማያስገባ፣ አሥራ አንድ ዓመት ቤቱን አላዩትም። የልጅ ልጆቻቸው ተሸክመን እናስገባዎት ቢሏቸው፣ በሕይወት እያለሁ በሰው ትከሻ አልሄድም ብለው መለሷቸው። በዚህ ዓመት ረመዳን ሳይገባ ድሬዳዋ ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ሊገቡ ነበር። የሚሄዱት ረቡዕ ጠዋት ነበር። ከዚያ በፊት የእናታቸውን ክፍል አንድ ጊዜ ማየት ፈለጉ።

ሰኞ፣ የካቲት 3፣ በገመድ አልባው ሞከርን። ምስሉን ለመነጽሩ የሚልከው ኮምፒውተር ያለው በሚቀጥለው ክፍል ነው፤ በመሐል አንድ ክንድ የሚወፍር የድንጋይ ግድግዳ አለ። እማማ ለይላ የቤቱ ደጃፍ ላይ እንደደረሱ ምስሉ ደርቆ ቀረ። ራሳቸውን ሲያዞሩ ደጃፉ አብሯቸው ዞረ፤ አጥወለወላቸው። ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው ክፍል ስናዛውር ደግሞ፣ ጎብኚ ሲያስተናግድ የዋለው መነጽር ባትሪው አለቀ። እማማ ለይላ «አላህ ካለ ነገ» ብለው በትዕግሥት ተመለሱ። የቀረው ማክሰኞ ብቻ ነበር።

እንደሻው መነጽሩ ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ ይያያዝ አለ፤ ምስሉም አይቆረጥም፣ ኃይሉም አያልቅም።

«ጋሼ እንደሻው፣ በዚህ ዘመን ሰው በገመድ ይታሰራል?» አለ ናትናኤል።

«የአንተ ነጻነት እኮ ግድግዳ እስኪያይ ድረስ ነው።»

ናትናኤል ገመዱ ዊልቸሩ ጎማ ውስጥ ይገባል ብሎ ተከራከረ። ለመዝገቡ ያህል፣ ትክክል ነበር። የቅርስ ቤቱን ባዶ ዊልቸር ስናዞረው ጎማው ገመዱን ጠቅልሎ ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው ሊያወርደው ምንም አልቀረውም። እንደሻው ኮምፒውተሩን በደረቱ ደግፎ ቆመና ወደ ላይ አየ። ከዚያ ትራፓኖ አምጡልኝ አለ። በዚያው ከሰዓት ሁለት መንጠቆ ጣሪያው ላይ ሰቀለ፤ ገመዱንም ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በቆረጠው ላስቲክ አንጠለጠለው። ሲሳብ ይረዝማል፣ ሲለቀቅ ይሰበሰባል፤ መሬት አይነካም።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ እማማ ለይላ መነጽሩን በሻሻቸው ላይ አጠለቁ። በአንድ እጃቸው መያዣውን፣ በሌላው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። በምስሉ ውስጥ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ገታ አሉ።

«ጫማዬን አውልቁልኝ።»

ናትናኤል፣ ቤቱ የእውነት አይደለም፣ ጫማ ችግር የለውም ብሎ ሊያስረዳቸው ጀመረ።

«ላንተ ይሆናል። እኔ የእናቴ ቤት በጫማ አልገባም።»

እንደሻው ተንበርክኮ በአንድ እጁ ጫማቸውን አወለቀና ከእኛው በር ጀርባ አስቀመጠው። ገቡ። ወዲያው ደግሞ ማን ነው የተሸከመኝ፣ አውርዱኝ አሉ። ቤቱ የተቀረጸው በረጅም ሰው ቁመት ስለነበር፣ ተቀምጠው ሳለ ከፍ ብለው ተንሳፍፈዋል። ናትናኤል ደንግጦ ቁመቱን ሲያወርድ አበዛው፤ አንድ ሜትር ላይ አደረሰው። ሊያስተካክል ሲል እጃቸውን አነሱ።

«ተወው። በዚህ ቁመቴ ነው እናቴ ያንን ሳህን እንዳትነኪ ያለችኝ።»

ከቀዩ መደብ በላይ ወደተሰቀለው ሳህን እጃቸውን ዘረጉና አየር ጨበጡ። ሳቁ። ዊልቸሩን አስዞሩንና የአባታቸውን መቀመጫ፣ ዕቃ ቤቱን፣ እሳቸውና እህታቸው ተደብቀው ስኳር የበሉበትን ጥግ እየዞሩ አሳዩን፤ እኛ ግን የምናየው እሳቸውን ብቻ ነበር። ገመዱ ከራሳቸው በላይ አብሯቸው ዞረ። ሠላሳ አንድ ደቂቃ ቆዩ፤ ምስሉ አንዴም አልተቋረጠም። ወደ ኋለኛው ግድግዳ ሙሉ ለሙሉ ሲዞሩ ብቻ ላስቲኩ ትንሽ ጎተታቸው።

ናትናኤል መሸነፉን አመነ። እንደሻው ግን፣ ቆሞ ለሚዞር ሰው የአንተው ይሻላል አለው። አንዱ መነጽር በገመድ፣ አንዱ ያለ ገመድ እንዲሆን ተስማሙ፤ አሁንም እንደዚያው ነው።

ሐሙስ ጠዋት እንደሻው መሰላል ላይ ወጥቶ፣ የኋለኛው ግድግዳ ጉተታ እንዲቀር ሦስተኛውን ቦታ በእርሳስ አመለከተ። ሲወርድ በሩን ገፋ አደረገው፤ ከጀርባው ጥቁር የሴት ጫማ ተቀምጧል። እማማ ለይላ ማክሰኞ በካልሲ ወጥተው፣ ረቡዕ ድሬዳዋ ገብተዋል፤ ማናችንም ልብ አላልንም። በሚመጣ ሰው እንላክላቸው አልኩት። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፣ ጫማውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሚኒባስ ተራ ወረደ።

አሥር ሰዓት ላይ ራሱ ድሬዳዋ ደርሶ ተመልሶ ነገረኝ። ልጃቸው ጫማሽን የት ጣልሽው ብላ ስትጨቀጭቃቸው፣ ከረቡዕ ጀምሮ የሚመልሱት አንድ መልስ ነበር፤ «ቤት ነው ያወለቅኩት።» እንደሻው ጥቅሉን ለልጃቸው ሰጥቶ መመለስ ይችል ነበር። የራሱን ጫማ በሩ ላይ አውልቆ ገባ፣ ተንበረከከ፣ በቀኝ እጁ መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን አጠለቀላቸው።