የኑረዲን ግራ ዓይን

ኑረዲን ሀና ማርያም መንገድ ዳር በርና መስኮት ይበይዳል። እኔ ላቀው ከጎኑ መስታወት እቆርጣለሁ። አንድ ግድግዳ ከተጋራን አሥራ ስድስት ዓመታችን ነው። ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቅም። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሰዎች ሲረግሙት ይከርሙና በሩ የተገጠመላቸው ቀን ይመርቁታል።

አምና መስከረም ላይ በግራ ዓይኑ ጥግ ጥላ ታየው። በያጅ ዓይኑን ሲያመው ሌላ አያስብም፤ "ብየዳው መታኝ" ይላል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፣ ድንች በስሱ ተቆርጦ ዓይን ላይ ይደረጋል። "ሐኪም ልታይ እንዴ?" ብሎ የጠየቀኝ እኔን ነበር። እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝና "ድንች እያለልህ ምን ወረፋ ያስጠብቅሃል!" አልኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሱ ግን አልደበቀም፣ ነግሮኝ ነበር። እንደዚያው አራት ወር አለፈ።

ጥር ላይ ቀኝ ዓይኑን ሲጨፍን የሜትሩ ቁጥር ግማሹ ጠፋበት። ባለቤቱ ዙሌካ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኩ። ዓይኑ ውስጥ ካንሰር ተገኘ። ዶክተር ሲና ሳትሸፋፍን ነገረችው፤ ወይ ዓይኑ ይወጣል፣ ወይ ህንድ ሄዶ በጨረርና በሙቀት ይታከማል። ከዘገየ ግን ጉበቱ ላይ ሊዛመት ይችላል።

"ዕድሜ ልኬን እሳት ሲያቃጥለው የኖረ ዓይን ደግሞ በእሳት ሊድን? ያውጡልኝና ልገላገል!" አለ። ዙሌካ አለቀሰች።

ዶክተሯ ወረቀት ስባ ሣለችለት። እብጠቱ ወፍራም ነው፤ ሙቀቱ በብሌኑ በኩል ገብቶ ላዩን ይገድላል፣ ሥሩ ጋ ግን አይደርስም። ሥሩን የሚያደርቀው ከዓይኑ ጀርባ ለጥቂት ቀን የሚሰፋ፣ ጨረር ያለው ትንሽ ዝርግ ነገር ነው።

ኑረዲን ወረቀቱን አገላብጦ አየው። "ከሁለት ወገን ነዋ!" አለ። "ወፍራም ብረት በአንድ ወገን ብቻ ከተበየደ ላዩ ያምራል እንጂ ውስጡ አይዝም። ዶክተር፣ መጀመሪያውኑ እንዲህ ቢሉኝ ምን ነበረበት?"

ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ ላከው። በስድስተኛው ሳምንት ተመለሰ። እብጠቱ ሟሟ፣ ዓይኑም ከነቦታው ቀረ። ነገር ግን ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያይም። ያ ቀጠሮ አፍራሽ ሰውዬ የዶክተሯን ቀጠሮ አንድ ቀን አላሳለፈም።

አንድ ቀን ጨነቀኝና ጠየቅኩት። "ኑሬ፣ ያኔውኑ ብትታከም ኖሮ ማየቱ ይተርፍልህ ነበር?"

"ዶክተሯን ጠይቄያታለሁ። ለውጥ የለውም ብላኛለች። ተወው ባክህ፣ ላቄ" አለኝ። እፎይ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስም አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ዙሌካ ለፎቶ የሚሆን መስታወት ልታስቆርጥ መጣች። ስለ እሱ እያወራን ሳለ "አይ ጋሽ ላቀው! ዶክተሯ አራት ወር ቀድሞ ቢመጣ ማየቱ ሊተርፍ ይችል ነበር ስትለው እኮ 'ይቺን ለላቀው እንዳትነግሪ' ብሎ አስምሎኝ..." አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ይቅርታ ልለው ወጣሁ። ኑረዲን ደጁ ላይ ተቀምጦ ብረት ይሞርዳል። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። እሱ ሥራውን ቀጠለ። የቆምኩት በግራው በኩል ነበር፣ አላየኝም።