በእህል መጋዘኑ ውስጥ ዞር ያለው ሰው

የልጄ ልጅ ሜሮን ሰሞኑን ወሬዋ ሁሉ ፊልም ሆኗል። ማን የትኛውን ሽልማት እንደወሰደ፣ የማን ቀሚስ እንዳማረ፣ ማን ሽልማቱን ታቅፎ መድረክ ላይ እንዳለቀሰ ከስልኳ እያነበበች ታሰማኛለች። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «እማማ፣ በዚህ ሳምንት ሲኒማ ቤት የገቡትን አዳዲስ ፊልሞች ላንብብልዎት፤ አንዱን ይምረጡና ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን» አለችኝ። አንዱ የፍቅር፣ አንዱ የሚያስቅ፣ አንዱ የሚያስፈራ ነው። የሚያስፈራው ላይ ስትደርስ ሳቀችና፣ «ይሄ ይቅር፤ እርስዎን ያስደነግጥዎታል» አለች። ቀጥላም፣ «ለመሆኑ መጀመሪያ ያዩት ፊልም ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ። የማላስታውሰው መስሏት ወደ ስልኳ ተመለሰች።

የመጀመሪያውን ፊልም ያየሁት መካነ ሰላም ነው፤ በረሃቡ ማግስት፣ ንጉሡ በወረዱበት ዓመት በጋ። ያኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ወጣት ነበርኩ። ቤታችን ውስጥ ሦስት ሴቶች ቀርተን ነበር፦ እናና የምንላት እናቴ፣ የወንድሜ የይመር ሚስት የሺ፣ እና እኔ። አባታችን በረሃቡ መጀመሪያ አረፈ። ይመር ደግሞ በሬዎቹ ካለቁ በኋላ፣ «በአውራ ጎዳናው ዳር እህል ይሰጣሉ አሉ፤ ይዤ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። በጧት፣ በውርጭ ነበር የሄደው። ከወታደር ቤት የወጣ አሮጌ ካፖርት ለብሶ ነበር። ቀኝ ትከሻው ላይ የተቀደደውን የሺ ከራሷ ነጭ ቀሚስ ቆርጣ ጥፋዋለች። ከጥቁሩ ካፖርት ላይ ያ ነጭ እራፊ ከሩቅ ይታይ ስለነበር፣ ዳገቱን ሲወጣ ዓይናችን የሸኘው እሱን ነበር።

አልተመለሰም። ሰው መጠየቅ፣ ሰው መላክ ሰለቸን። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ መጣ፤ ገብሱ ያዘ፤ የተረፈው ሰው እሸት ቀመሰ። እሸት ሲበላ የሚያለቅስ ሰው ያየሁት የዚያን ዓመት ብቻ ነው። ሽማግሌዎች መጥተው እናናን፣ «የሺ ገና ልጅ ናት፤ በባዶ ቤት አትታሰር» አሏት። አንድ ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤታችን ሊያገባት ጠይቆ ነበር፤ ደግ ሰው ነው። እናና ከብዙ ቀን በኋላ ፈቀደች። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆረጠ። ለይመር ግን ለቅሶ አልተቀመጥንለትም። አስከሬን ሳላይ ልጄን ሞተ አልልም ብላ እናና እንቢ አለች።

የሲኒማው መኪና የመጣው በዚህ መሐል ነው። በዚያ መንገድ በበጋ እንኳ የጭነት መኪና ይቸገራል፤ የአቀስታን ደጋ አልፎ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድምፅ ማጉያው ተሰባብሮ ነበር። ታደሰ የሚባለው የፊልሙ ሠራተኛ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ሰው ነው። «ድምፅ የለም፤ ሥዕሉን ብቻ ታያላችሁ» አለን። ቀን ስለነበር ጨለማ ያለው ቦታ ተፈለገ። የተገኘው የአንድ ባለርስት የእህል መጋዘን ነው፤ በረሃቡ ጊዜ ተቆልፎ የከረመው፣ አብዮቱ ሲመጣ የተከፈተው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፈነ። በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን እንደ ክር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ቀረ። ውስጡ አሁንም የስንዴ አቧራ ይሸታል። ያን ሽታ ሆዳችን ያውቀው ስለነበር፣ ሰው ሁሉ ሲገባ አንድ ጊዜ ቆም እያለ ነበር የሚገባው።

ነጭ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ተወጠረ። ውጭ ጄኔሬተሩ ይጮኻል። መጀመሪያ ሰልፍ አየን፤ ወታደር፣ ባንዲራ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ቀጥሎ የመጣው ስለ ረሃቡ የተነሣ ፊልም ነበር።

እኛ ራሳችንን አየን። እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ከዚያ በፊት ረሃብ በየቤታችን ነበር፤ እያንዳንዱ የራሱን ሟች ነው የሚያውቀው። እዚያ ጨርቅ ላይ ግን ሁሉም አንድ ላይ ተሰብስበው መጡ። በድንኳን መሐል በዝምታ ይሄዳሉ፤ ይቀመጣሉ፤ ወደ እኛ ያያሉ። ረሃብ ፊትን ሁሉ አንድ ያደርጋል። ጉንጩ የጎደለ፣ ዓይኑ የሰፋ ሰው ሁሉ የሁሉም ዘመድ ይመስላል። ስለዚህ መጋዘኑ ውስጥ መጣራት ተጀመረ። አንዷ «እታበባ!» አለች። ከበሩ በኩል አንድ ሽማግሌ «ሙሄ፣ አንተ ሙሄ!» አሉ። የሞቱትን ስም በጨለማ ይጠሩ ነበር፤ እነዚያ ግን ምንም ሳይሰሙ ያልፋሉ።

ያን ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶን የሚሄድ አንድ ሰው መጣ። ጥቁር ካፖርት ለብሷል። ቀኝ ትከሻው ላይ ነጭ እራፊ አለ።

የሺ ክንዴን ጨበጠችኝ። እናና ግን ብድግ ብላ፣ «ይመር!» አለች፤ በጓሮ ያለ ልጇን ለምሳ የምትጠራበት ዓይነት ድምፅ ነበር።

ሰውየው ቆመ። ዞርም አለ። አፍንጫውና አፉ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ቀስ ብሎ ግራ ቀኝ አየ፤ የጠራውን የሚፈልግ ይመስላል። ከዚያ ሥዕሉ ተለወጠ።

የጠራው ሁሉ ሳይመለስለት፣ እናና የጠራችው ብቻ ዞር ማለቱን ሰው ሁሉ አይቷል። እናና በሰው መሐል አልፋ ታደሰ ዘንድ ሄደች። «የኔ ጌታ፣ አፈር ስሆን፣ መልሰህ አሳየኝ» አለችው።

ታደሰም አዘነላትና የማሳያ መሣሪያውን መብራት ሳያጠፋ ፊልሙን ወደ ኋላ አዞረው። እንዲህ እንደሚደረግ ማን ያውቃል? ሰዎቹ የኋሊት መራመድ ጀመሩ። ዶማ የያዙት ሰዎች አፈሩን ከመቃብር ላይ ያነሣሉ። በአቡጀዲ የተጠቀለለ አስከሬን ከጉድጓድ ወጥቶ በሸክም ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። አንዲት ሴት «ተነሡ! ሙታን ተነሡ!» ብላ ጮኸች። ሰው እየተገፋፋ ወደ በሩ ሮጠ። «አጥፋው! ያረቢ፣ አጥፋው!» ይላሉ። እናና ብቻ ሳትነቃነቅ ቆማ ታይ ነበር። እኔና የሺም እሷን ትተን መውጣት አልቻልንም።

ታደሰ እንደገና ወደ ፊት ለቀቀው። ካፖርት የለበሰው ሰው መጣ። አሁን ማንም አልጠራም። ሰውየው ግን ቆመ፤ ዞር አለ፤ ግራ ቀኝ አየ። ሥዕል ነው፤ ያንኑ ይደግማል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እናና ቦታውን ጠየቀችው። ታደሰ ከደሴ በታች በአውራ ጎዳናው ዳር ያለ መጠለያ መሆኑን፣ ፊልሙም አምና የተነሣ መሆኑን ነገራት። «እማማ፣ ከዚያ በኋላ የት እንደሄደ አላውቅም። ፊልም የነበረውን እንጂ ያለውን አያሳይም» አላት።

ቤት ስንገባ የሺ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። «ዘውዴ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አለችኝ። «ባል ያለኝ ሴት ነኝ ወይስ የሞተብኝ?»

እናና የገብስ ቆሎ ስትቆላልን አመሸች። «ሂዱ። ካለ አምጡት። ከሌለም የት እንደተኛ አይታችሁ ኑ» አለችን። እሷ እግሯ አይችልም ነበር።

ታደሰ በመኪናው ሊወስደን ፈቀደ። ከኋላ ከመሣሪያው ጋር ተጫንን። ያ ፊልም የተጠቀለለበትን ክብ ቆርቆሮ የሺ ከሌሎቹ መሐል ለየችው፤ ታደሰን አስፈቅዳ መንገዱን ሁሉ ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች። አቀስታ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ነጠላዋን አውልቃ ቆርቆሮውን ስትጠቀልል አየኋት።

መጠለያው ጋ የደረስነው ጉም መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ ነው። ሰው የለም። ቋሚ እንጨቶች፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ እሾህ ላይ የቀረ የድንኳን ቁራጭ፣ ከዚያ ወዲያ ጉብ ጉብ ያለ መሬት። በሕይወቴ ረግጬው አላውቅም፤ ግን አወቅሁት። በፊልሙ ላይ ያየሁት ጫፉ የተሰበረ ባሕር ዛፍ እዚያው ነው። ከአጠገቡ የነበረው ድንጋይም እዚያው ነው። የሺ እየሄደች አንድ ቦታ ላይ ቆመችና፣ «ከዚህ ሆነው ነው ያነሡት» አለች። እውነቷን ነበር። ከዚያ ስናይ ሁሉም ነገር በጨርቁ ላይ እንደነበረው ነው።

ከዚያ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ጥቁር ካፖርት፣ ነጭ እራፊ፣ በጨርቅ የተሸፈነ አፍ። በሁለት ባልዲ ውሃ ተሸክሞ ይመጣ ነበር። የሺ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ሄደች። ሰውየው አየንና ባልዲዎቹን አስቀመጠ። አንድም ቃል ሳንናገር፣ «ከመካነ ሰላም ናችሁ?» አለን።

ጨርቁን ከፊቱ አወረደ። ይመር አይደለም። ቁመቱ፣ አረማመዱ የእሱ ነው፤ ፊቱ ግን የማናውቀው ሰው ፊት ነበር።

ስሙ ሰይድ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ አልቆበት፣ መጠለያው ሲፈርስ የሚሄድበት አጥቶ ለመንገድ ሠራተኞች ውሃ እየቀዳ እዚያው ቀርቷል። ከይመር ጋር በአንድ ድንኳን ነበሩ። «ተቅማጡ ጣለው» አለን። «አላህ ይርሐመው፣ ደግ ሰው ነበር። ቄስም አልነበረ፤ እኔው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጌ ቀበርኩት። ከመሞቱ በፊት ካፖርቱን ሰጠኝ። ‹በዚህ ልብስ አይቶ ይመር ብሎ የሚጠራህ ሰው ከመጣ ዝም አትበለው፤ አቤት በልልኝ› አለኝ።»

የሺ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰይድም ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«አንድ ጊዜ የመጣችሁ መስሎኝ ነበር» አላት። «በሞተ በሰሞኑ ነው። ፈረንጆች በዚያ በኩል ሥዕል ማንሻ ይዘው ቆመዋል። እኔ ወደ ድንኳኑ ስሄድ አንዲት ሴት ‹ይመር!› ብላ ጠራችኝ። ወላሂ ሰምቻለሁ። ትልቅ ሴት ናት፤ ልጇን ለምሳ የምትጠራ ዓይነት። ቆሜ ዞርኩ። ግራ ቀኝ አየሁ። የሚጠራ ሴት አልነበረም።»

ስለ መጋዘኑ ምንም አልነገርነውም ነበር። ስለ ፊልሙም አንዳች አልተነፈስንም። የሺ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ነገር አንድ ቀን እንኳ አንሥተን አላወራንም።

መቃብሩን አሳየን። ራስጌው ላይ ድንጋይ ደርድሮበታል። ከዚያ፣ «ለእናቱ እኔ ራሴ ነኝ የምነግር፤ አደራው የኔ ነው» ብሎ አብሮን መጣ።

መካነ ሰላም ስንገባ የገበያ ቀን ነበር። መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ሰው ካፖርቱን ሲያይ መንገዱን ለቀቀልን። አንዷ የተሸከመችውን ድርቆሽ ጥላ አማተበች። ከጨርቁ ላይ ወርዶ የመጣ ነበር የመሰላቸው።

እናና ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ይመር ነው ብላ ትጮኻለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ቀርባ እራፊውን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ የሰይድን ፊት አየች።

«ልጄ የት ነው የተኛው?» አለችው።

ነገራት። ስለ ጥሪው ሲነግራት ግን እሷ አልደነገጠችም። «አዎ፣ ጠርቼው ነበር» ብቻ አለች።

ለቅሶው ያን ቀን ተጀመረ። ካፖርቱ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ተለቀሰበት። ሰይድ እንደ ወንድም በሩ ላይ ተቀምጦ ለቀስተኛ ተቀበለ። ሊሄድ ሲነሣ እናና ካፖርቱን አምጥታ በእጇ አለበሰችው። «ብርድ ነው፤ ልበሰው» አለችው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት በበጋ በበጋ እየመጣ ይጠይቃት ነበር፤ ኋላ ላይ ግን መምጣቱ ቀረ። የሺ የሐዘኑን ዓመት ጠብቃ ያን ጎረቤታችንን አገባች፤ ልጆች ወለደች፤ በደህና ኖረች። እናና ሌላ ፊልም አላየችም።

ለሜሮን ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ቅዳሜ የሚያስቀውን ፊልም መርጣ ወሰደችኝ። ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ አዳራሹ የፈንዲሻ ሽታ አለው። ሰው ይስቃል። እኔም ሳቅ ሲሉ እስቃለሁ። ዓይኔ የሚያርፈው ግን ሁልጊዜ ከኋላ በሚያልፉት ላይ ነው፦ መንገድ የሚሻገር፣ ታክሲ የሚጠብቅ፣ ዕቃ ተሸክሞ በጥግ በኩል የሚጠፋ ሰው። ካሜራው ለእነሱ ብሎ አልቆመም፤ ስማቸውም መጨረሻ ላይ አይጻፍም። ይሁን እንጂ እያንዳንዳቸው ከአንድ ቤት ወጥተው ነው እዚያ የደረሱት። አንድ ቀን አንድ ሰው፣ የት እንደገቡ የጠፋበት ሰው፣ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ያያቸው ይሆናል። ስለዚህ ማንም እንዳያመልጠኝ በትኩረት አያለሁ።

መብራቱ ሲበራ ሜሮን ክንዴን ይዛ፣ «እማማ፣ ዋናዋ ተዋናይ እንዴት ነበረች? በሚቀጥለው ዓመት ሽልማቱን የምትወስደው እሷ ናት እየተባለ ነው» አለችኝ።

«ጎበዝ ናት» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ፊቷን በቅጡ አላየሁትም።