የእህቴ ኩላሊት እና የእኔ ደብተር

ባለፈው ሳምንት ካዛንቺስ አንድ ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ ነርሷ አንዲትን እናት «ልጅሽ ዛሬ ስንቴ ሸና?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ዙሪያዋን ቃኘችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ደህና ነው፣ እንደ ሁሌው» አለች። እኔ በተቀመጥኩበት ደነገጥኩ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረው ቂርቆስ ነው። የስምንት ዓመቷ እህቴ ሰዓዳ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጉበቷን ታማ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፣ ሆዷ በውሃ ተነፍቷል። ህንድ ሄዳ ከአባባ ጉበት ተቆርጦ እንዲሰጣት ቀን እንጠብቅ ነበር። ሐኪሟ ግን የሚፈሩት ለኩላሊቷ ነው። «ጉበት ሲደክም ኩላሊትን ይዞ ይወድቃል። ሽንቷን በየቀኑ ለኩ። ከቀነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ይዛችኋት ኑ፤ ኩላሊቷ ከደከመ ጉዞው ይቀራል» አሉን። መለካቱ የእማ፣ ደብተር ላይ መጻፉ የእኔ ሥራ ሆነ።

ክረምት ነበር። እኛ ወሎዬዎች በሽተኛ ሳንጠይቅ እህል አይወርድልንም፤ ዘመድ አዝማዱ የቂርቆስን ጭቃ እየረገጠ ይጎርፋል። ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፣ ትኩስ ሳምቡሳም አይጠፋም። ሰዓዳ ጨው ስለተከለከለች ሳምቡሳው የእኔ ነበር፤ አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። እማ ታዲያ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የመለኪያውን ጆግ ሳታየው ትደፋዋለች። ሽንት እንግዳ ፊት ማስቀመጥ ለእሷ ነውር ነው። ስጠይቃት «እንደ ትናንቱ ነው፣ በቃ ጻፍ» ትለኛለች። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ትናንቱ እያልኩ ጻፍኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ደብተሩን ስከፍት ሰዓዳ ከፍራሿ ላይ ሆና አየችኝ።

«ውሸት ነው የምትጽፈው። ትናንት አንዴ ብቻ ነው የሸናሁት» አለችኝ። «እማ እንዳታፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ጫማዬን በወጉ ሳላስር አዝያት ወጣሁ። ታክሲ እስክናገኝ ዝናቡ ወረደብን፤ እማ ሻሿን እያስተካከለች ከኋላ ትሮጣለች። ሐኪሙ ደሟን አስመርምረው የሆዷን ውሃ እንዲቀንስ የምትወስደውን ኪኒን አስቆሙ፤ አስተኝተውም በደም ሥሯ መድኃኒት አስጀመሯት። «ሁለት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ ጉዞው ቀርቶ ነበር» አሉን።

ከሳምንት በኋላ ቤት ስንመለስ ጆጉን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።

«ሰው ምን ይላል?» አለች እማ።

«ያለውን ይበል፣ እማ። ከዛሬ ጀምሮ የምለካው እኔ ነኝ።»

እንግዳ እያየ ለካሁ። አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ግን መነጽራቸውን አድርገው «ዛሬስ ስንት ደረሰ?» ይሉ ጀመር። እስክንሳፈር አንድ ቀን አላስታጎልኩም፤ ኩላሊቷም አልከዳትም።

ሰዓዳ በአባባ ጉበት ድና ዛሬ አስተማሪ ናት። እኔ ደግሞ ያንን ስህተት ለዓመታት የእማ አድርጌ፣ በይሉኝታዋ እያሳቅኩ ሳወራው ኖሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ክሊኒኩ ውስጥ ግን ተነስቼ ሴትየዋን «እህቴ፣ እውነቱን ንገሪያት» ስላት አፈርኩ። እማ ያደረገችው ሰው ፈርታ ነው። እኔ ማንንም ሳልፈራ፣ ጆጉን አንድ ቀን እንኳ ሳላይ፣ በገዛ እጄ ጻፍኩ።