የኮምቦልቻው ትርጉም

ከአገሬ የወጣሁበትን ዋዜማ ያሳለፍኩት ሻንጣ ስቋጥር ሳይሆን ፊልም ስተረጉም ነው። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ይማም «የምትሄደው ነገ ነው፤ ዛሬ ግን የኔ ሠራተኛ ነህ» ብለው ማይኩን አስያዙኝ። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ኮምቦልቻ ቪዲዮ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ፤ ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ ሲሄድ አንድ ሰው ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ወንዱንም ሴቷንም ሲያስፈልግ ውሻውንም ሆኖ በአማርኛ ይናገራል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። የዚያን ምሽት ሕዝቡ የመረጠው የአንድ ጀርመናዊ ዳይሬክተር ፊልም ነው። ስጨርስ ሰው እየተነሳ ጨበጠኝ፣ አንዳንዱም አለቀሰ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ጠዋት በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ሜልቦርን።

ስለዚህ ጀርመናዊ ልንገራችሁ፤ እሱ ባያውቅም በትዳሬ ውስጥ እጁ አለበት። ፊልም እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ስሙን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ያገኘሁት በካርቶን ነው። የቴክኒክ ማሰልጠኛ ተማሪ ሳለሁ አንድ ጀርመናዊ አስተማሪ ነበረን። ወደ አገሩ ሲመለስ ስድስት ሲዲ ያለበት ካርቶን ሰጠኝ፤ ስድስቱም የዚህ ዳይሬክተር ፊልም ነበር። ጋሼ ይማም «ጀርመንኛ ትችላለህ?» አሉኝ። «እንዴታ» አልኳቸው። የኔ ጀርመንኛ ከመፍቻ፣ ከመዶሻና ከ«እጅህን ጠብቅ» አያልፍም። የሰውየው ፊልሞች ላይ ደግሞ መዶሻ የሚያነሳ ሰው የለም።

ያልገባኝን ከራሴ ሞላሁት። አንደኛው ፊልም ላይ ሁለት ወንድማማቾች ወፍጮ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይነጋገሩ ይቀመጣሉ። ዝም ያለ ሰው እንዴት ይተረጎማል? እኔ የውርስ ክርክር አደረግሁት። ታላቅየው በመስኮት ሲያይ «በሆዱ መሬቱን ብቻዬን ብወስደው ምናለበት እያለ ነው» እላለሁ፤ ግማሹ ተመልካች ለታናሽየው ወግኖ ይሳደባል። ሌላው ላይ አንዲት የአውቶቡስ ሾፌር ተሳፋሪ እንደጫነች መስመሯን ለቃ ወደ ባሕር ትነዳለች። እኔ ወደ ጠበል ወሰድኳት፣ ከተሳፋሪዎቹም ሦስቱን አሳመምኳቸው፣ አንዱን እንዲያውም አዳንኩት።

ሦስተኛው ግን የኔና የወይንሸት ነው። ወይንሸት ዛሬ ባለቤቴ ናት፤ ያኔ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበረች፣ አንድ እሁድ ከጓደኞቿ ጋር መጣች። የዚያን ቀን ያሳየነው ፊልም ስለ አንዲት ልብስ አጣቢ ነው። ባሏ ለሥራ ውጭ አገር ሄዷል። እሷ በየእሁዱ ባቡር ጣቢያ ሄዳ ባዶ እጇን ትመለሳለች። በመጨረሻ ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። እሷ ከምሰሶ ጀርባ ሆና ረጅም ጊዜ ታየዋለች። ከዚያ እሱ የወረደበት ባቡር ላይ ትሳፈርና ባቡሩ ይሄዳል። አለቀ።

«ወዴት ነው የምትሄደው?» አለ አንዱ ከኋላ። ያን ሁሉ ሕዝብ እንዲያ አዝኖ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ማድረግ አልቻልኩም። «እናቷን ልታመጣ ነው፤ ድግሱ ያለ እናቷ አይሆንም ብላ» አልኩ። ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናጋው። ሰው ሲወጣ ወይንሸት በር ላይ ጠብቃ «እናትየው እሺ ብላ ትመጣላታለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «በሚቀጥለው ባቡር» አልኳት። በዚህ ተጀመረ።

ብዙም ሳይቆይ ቀድማኝ የወጣችው እህቴ ጠራችኝና መጣሁ። ሁለት ዓመት ሠርቼ ተመልሼ ወይንሸትን አገባሁ፤ እንደገና ብቻዬን መጥቼ የሷን ቪዛ አመለከትኩ። ከዚያ ወዲህ ያለው መጠበቅ ነው።

ሜልቦርን እንዴት ነው ለምትሉ፣ አየሩ ሐሳቡን አይጨርስም። ጠዋት በጃኬት ትወጣላችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ስትመለሱ በረዶ ይወርድባችኋል። ቲማቲሙ ቀይ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አትጠብቁበት። ሰዉ ደግሞ እግሩን ስትረግጡት እሱ ራሱ ይቅርታ ይጠይቃችኋል፤ እኔ መጀመሪያ የሚያላግጡብኝ መስሎኝ ተቆጥቻለሁ።

እህቴ ጋ ልጆቹ ሲያድጉ ጠበበና ታርኔት የሚባል የከተማው ዳርቻ ላይ ቤት ፈለግሁ። ያከራዩኝ ጡረታ የወጡ ያገራችን ሴት ናቸው፣ እትዬ አስካለ ይባላሉ። ክፍሉን ሲያሳዩኝ በሩ ወደ ላይ የሚጠቀለል ብረት ነው።

«ይኼ ጋራዥ ነው እንዴ እትዬ?» አልኳቸው።

«ነበር» አሉኝ።

«መኪናዎስ የት ልታድር ነው?»

«ውጭ። እሷ ብርዱን ለምዳዋለች፤ አንተ ገና ነህ።»

እንዲህ ያለ ርኅራኄ ያላት አከራይ አገር ቤትም አላየሁም፤ ገባሁ።

ባለፈው ክረምት ነው ነገሩ የመጣው። ከዕቃ መጋዘን ሥራዬ ስወጣ ትራም ፌርማታ ላይ አንድ ፖስተር አየሁ፣ የጀርመኑ ዳይሬክተር ፊት። ካርቶኑ ላይ ያለው ያው ኮስታራ፣ አጥንታም ፊት። ፊትዝሮይ ያለ አንድ ሲኒማ ቤት ስመ ጥር ፊልሞቹን ሁሉ በአንድ ሳምንት ሊያሳይ ነው። የሠፈሬን ሰው በባዕድ አገር ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ሺፍት አስቀየርኩና በባቡርም በትራምም ተጉዤ ሄድኩ።

ከስክሪኑ ሥር በእንግሊዝኛ ይጽፋል። እኔ ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ እነዚያን ፊልሞች አላየኋቸውም። ወንድማማቾቹ ስለ መሬት አንዲት ቃል አያነሱም፤ ውሻቸው ሞቶባቸው ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ውሻ ማዘን ኮምቦልቻ ላይ እንዴት ተደርጎ ይተረጎም ነበር? የአውቶቡሷ ሾፌር ደግሞ ምክንያት የላትም። ተሳፋሪዎቹ ለምን ይሏታል፣ ትከሻዋን ትሰብቃለች። ምክንያት የሌለው ፊልም ጋሼ ይማም ቤት ብናሳይ ወንበር ይወረወር ነበር። እዚህ ግን ሁሉም ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ያያል። አንዴ ሳላስበው በአማርኛ «ወይ አንቺ» ብል አጠገቤ ያለችው ፈረንጅ እሽሽ አለችኝ።

የልብስ አጣቢዋ ቀን ፊተኛው ረድፍ ላይ ነበር የተቀመጥኩት። ምሰሶው ጋ ስትደርስ በሹክሹክታ የምትለውን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ስጠብቀው የኖርኩት ይኼን ሰው አይደለም፣ ትላለች። ጥላው ነው የሄደችው። እናት የለም፣ ድግስም የለም። ከሲኒማ ቤቱ ወጥቼ ዝናቡ ላይ ቆሜ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ስንቱን ሰው በውሸት እንዳስጨበጨብኩ ሳስበው ግን ሳቁ አልቀጠለም።

በሳምንቱ የቪዛ መርማሪዋ ደወለችልኝ። ስለ ትዳራችን ጥያቄ አላት። «ከባለቤትህ ጋር የተዋወቃችሁበትን ቀን ንገረኝ» አለች። ቪዲዮ ቤቱን ነገርኳት። «ፊልሙ ስለ ምን ነበር?» አለች። እግዜር ያሳያችሁ፤ ፊልሙን አጥርቼ ባየሁ በሳምንቱ። ሴትዮዋ እንዴት እንደጠበቀች፣ ምሰሶው ጋ ምን እንዳለች፣ ባሏን ጥላ እንዴት እንደሄደች አንድም ሳላስቀር ተረክሁላት። «በጣም ዝርዝር መልስ ነው፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ኮርቼ ዋልኩ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። አመልካቿና ስፖንሰሩ፣ ወይንሸትና እኔ መሆናችን ነው፣ ስለ መጀመሪያ ቀናቸው ለየብቻ የሰጡት ቃል አይገጥምም ይላል። አመልካቿ እንዳሉት የፊልሙ ሴት እናታቸውን ለሠርግ ድግስ ለማምጣት በባቡር ተሳፈሩ፤ ስፖንሰሩ እንዳሉት ባላቸውን ጥለው ሄዱ። ስለዚህ የትዳሩ እውነተኛነት አጠራጣሪ ሆኗል፤ በአራት ሳምንት ውስጥ መልስ ይስጡ።

የቪዛ ጉዳያችንን የያዘችልን ሳምራዊት የምትባል እዚሁ ያደገች ልጅ ናት። ደብዳቤውን አንብባ ቀና አለች።

«ክሬዲቢሊቲ ኢሹ ነው ያነሱት» አለችኝ። «ማለት፣ አላመኗችሁም። ማነው ትክክል?»

«እኔ።»

«ስለዚህ እሷ ውሸታም ናት?»

«እሷም የምታውቀውን ነው የተናገረችው። ያኔ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

«ሰው ፊት ቆመህ ከራስህ ፈጥረህ ነው?»

«ቁጭ ብዬ ነው።»

ወረቀት ሳበች። «ኦኬ። ስታቹተሪ ዲክላሬሽን ትጽፋለህ። ትዳራችሁ እውነት መሆኑን ለማሳየት፣ አንተ ውሸታም መሆንህን በመሐላ ታረጋግጣለህ። ደግሞ ምስክር ያስፈልጋል።»

ምስክር ያለው ኮምቦልቻ ነው። ለጋሼ ይማም ደወልኩ። ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል፤ ክብሩን ግን አልሸጡትም።

«ትርጉሙ ስህተት ነበር ብለው ይጻፉልኝ» አልኳቸው።

«በኔ ቤት?»

«በእርስዎ ቤት ሳይሆን በኔ አፍ።»

«አፍህ በኔ ማይክ ነው የተናገረው። ያን ሁሉ ዓመት ሕዝብ ስታታልል ኖርክ ተብዬ በስተርጅና ልፈርም?»

«ካልፈረሙ ወይንሸት አትመጣም ጋሼ።»

ወይንሸትን ይወዷታል፤ ሠርጋችን ላይ ወላጅ አባቷን ተክተው የመረቁን እሳቸው ናቸው። በማግሥቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በፎቶ ላኩልኝ፦ «ለሚመለከተው ሁሉ። በቤታችን ፊልም ሲታይ ተመልካቹ ሳይከፋው ወደ ቤቱ እንዲገባ ሆኖ ይተረጎም እንደነበር አረጋግጣለሁ።» ሳምራዊት ስትተረጉመው ሁለት ጊዜ ቆም አለች፣ ግን አንድም ቃል ሳትጨምር ላከችው። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።

የቀረኝ ወይንሸት ናት። መሐላዬ ከፋይሏ ጋር ተያይዟልና ከመንግሥት ደብዳቤ ከምትሰማው እኔው ልንገራት አልኩ። እሁድ፣ እዚህ ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ጋ ጠዋት፣ በቪዲዮ ደወልኩላት። ፀጉሯን እየፈታች ነበር።

«ያቺ ልብስ አጣቢዋ ሴትዮ» አልኳት።

«እ።»

«እናቷን ልታመጣ አልነበረም የሄደችው።»

«ታዲያ የት ሄደች?»

«ጥላው ሄደች።»

ማበጠሪያውን አስቀመጠች። «ባሏን? ያን ሁሉ ዓመት ጠብቃው?»

«ያን ሁሉ ዓመት ጠብቃው።»

«እኔ እኮ ለመርማሪዋ እናቷን ልታመጣ ነው ብዬ ነው የነገርኳት። ሳቀችብኝ ይሆን?»

አልሳቀችም አልኳት። ጀርመንኛ እንደማልችል ነገርኳት። ሰዉ አዝኖ እንዳይሄድ ብዬ እንደሆነ፣ እሷም ከወንበሯ ቀና ብላ ስታየኝ የባሰ ጣፋጭ እንዳደረግሁት፣ ጥፋቱ ሁሉ የኔ ተብሎ እንደተጻፈ፣ ቪዛው በዚህ እንደሚቃና ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ። ትስቃለች ወይም ትቆጣለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረገችም።

«ሜልቦርንንስ?» አለችኝ።

«ሜልቦርን ምን?»

«ሜልቦርንን የምትተረጉምልኝ አንተ አይደለህ። ሁለት መኝታ ቤት አለን ብለኸኛል። ጓሮ የሎሚ ዛፍ አለ ብለኸኛል። መጋረጃውን ምን ዓይነት ላድርገው ብለህ ጠይቀኸኝ፣ ቡናማ ብዬህ፣ ሰቀልኩት ብለኸኛል።»

የሎሚው ዛፍ አለ፣ የእትዬ አስካለ ነው። ሁለቱ መኝታ ቤቶችም የሳቸው ናቸው። የተጋባን ሰሞን አንድ መኝታ ቤት ብቻ ነበር የነገርኳት። ድምፅዋ ሲከፋብኝ ሁለተኛውን ጨመርኩ፣ አንድ ቀን ስታለቅስብኝ ጓሮውን ጨመርኩ። ስንነጋገር ስልኩን ፊቴ ላይ አስጠግቼ ነው የምይዘው፤ ከጆሮዬ ወዲያ ያለውን አይታው አታውቅም። ላፍር ይገባኝ ነበር፣ አፈርኩም።

«ስልኩን አዙረው» አለች።

«ወይኔ፣ መጀመሪያ ላስረዳሽ—»

«አትንገረኝ። አዙረው።»

አዞርኩት። አልጋው፣ ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለው የሥራ ጃኬት፣ አንዱ ሰሐን፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረው የእትዬ አስካለ ዕቃ፣ ከሥሩ ብርሃን የሚያስገባው የብረት በር። ለእያንዳንዱ የሚባል ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ለበሩ እንዲያውም ጥሩ ነገር ነበረኝ። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩና በቀስታ አዞርኩላት። እሷ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ፀጉሯ በግማሽ እንደተፈታ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች።

«ይኼ በር ወደ ላይ ነው የሚከፈተው?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ክፈተው» አለች። «ውጩን እኔ ራሴ ልየው።»