የሴይፓቲ ጉሮሮ

ሴይፓቲ አፏን ዘግታ መቀመጥ የማትችል ሴት ናት። በደቡብ አፍሪካዋ ቦትሻቤሎ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ስለሆነች ጠዋት የምነቃው በድምፅዋ ነው። ልብስ ስታጥብ ትዘምራለች፤ ከባሏ ጋር ስትጣላ እንኳ መሃል ላይ አቋርጣ ትዘምራለች። ሐሙስ ሐሙስ እኛ እናቶች ቀይ ሸሚዛችንን ለብሰን ለጸሎት ስንሰበሰብ፣ እሷ መዝሙር ካላነሳች ማንም አያነሳም። እኛ ዘንድ ጸሎት ያለ መዝሙር አይጀመርም። የፈራ ሰው መጀመሪያ ይዘምራል፣ ከዚያ ይናገራል።

ባለፈው ብርድ ወቅት ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘና ካንሰር ነው ተባለ። የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ እዚያው ጡቷ ላይ ነው ያለው ወይስ ተሰራጭቷል? እዚያው ካለ ቆርጠው ያወጡታል፣ ትድናለች። ከተሰራጨ ግን... ይህችን ነገር ሁለታችንም ጨርሰናት አናውቅም።

ለምርመራ ብሉምፎንቴን ተላከች፤ አብሬያት ሄድኩ። አውቶቡስ ስትሳፈር ዳሌዋን ይዛ አቃሰተች።

«ምነው?» አልኳት።

«የቤተ ክርስቲያኑ ሲሚንቶ ነዋ! ስንበረከክ የምንውለው ፍራሽ ላይ መሰለሽ?»

ሆስፒታል ነርሷ ጨረር ያለበት ስኳር በደም ሥሯ ሰጠቻት። «ምሜ» አለቻት፣ እናቴ ማለቷ ነው፤ «ተራዎ እስኪደርስ ጋደም ይበሉ። መንቀሳቀስም ማውራትም የለም።»

«ባሌ ይህን ቢሰማ በየቀኑ ውጉልኝ ይል ነበር» አለች ሴይፓቲ።

እኔን ከክፍሉ አስወጡኝና በሩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ያ የማውቀው ድምፅ በለሆሳስ ተሰማኝ፤ ትዘምራለች። ድምፅዋ ደግፎ ያዘኝ።

በሳምንቱ ተመልሰን ስንሄድ ውጤቱን የነገረችን ዶክተር ሞፎኬንግ ናት፤ በዕድሜ ልጃችን የምትሆን ሴት። ኮምፒውተሩ ላይ የሴይፓቲ አካል ጥላ መስሎ ይታያል፤ ካንሰር ስኳር ስለሚስብ፣ ስኳሩ የተከማቸበት ቦታ እንደ ፍም ይበራል። ጡቷ በርቷል፣ እሱንስ ጠብቀነው ነበር። አንገቷም በርቷል። ሴይፓቲ ጉሮሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«እዚህ ደርሷል?» አለች። እኔ ወንበሩን ጨብጬ ቀረሁ።

«ይጠብቁ፣ ምሜ። ይሄኛው ብርሃኑን ብቻ ነው የሚያሳየው። አጥንትና ሥጋውን የሚያሳየውን ምስል ደግሞ ልደርብበት።» ደረበችው። «ያዩታል? የበራው ዕጢ አይደለም። ድምፅ የሚያወጡት ጡንቻዎች ናቸው፣ ግራና ቀኝ እኩል። የሠራ ጡንቻም ስኳር ይስባል። ያን ቀን ሲያወሩ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አንድም ቃል አልተነፈስኩም!» ብላ ተቆጣች። «ዘመርኩ እንጂ።»

«እሱንም ነበር የከለከልንዎት!»

«መዝሙር ወሬ ነው እንዴ? ያለሱ እንዴት ልጸልይ?»

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ ያስፈራን ነገር የራሷ ድምፅ ሆኖ ተገኘ። ቀና ስል ዶክተሯ መሳቋን አቁማ ነበር። ምስሉን ወደ ታች አወረደችው። ዳሌዋ ላይ አንድ ትንሽ ፍም አለ።

ሴይፓቲ ፈጥና፣ «እሱ ከመንበርከክ ነው» አለች። «ሐሙስ ሐሙስ ሲሚንቶ ላይ እንበረከካለን። ጠይቂያት፣ ንታቲሲ ትነግርሻለች» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች።

እኔ በኃይል ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ለምን ውሸት ይሆናል? እንበረከካለን እኮ! ዶክተሯ ሁለቱን ምስል ደረበች።

«ምሜ፣ እዚህ ብርሃኑ ያረፈው አጥንቱ ላይ ነው። አጥንቱም ተበልቷል። የመንበርከክ አይደለም።»

«ታዲያ ጡቴን ብትቆርጡትስ?»

«አሁን እሱ ብቻ አያድንዎትም። መድኃኒት አለ፤ ያዘገየዋል፣ ዓመታትም ሊሰጥዎት ይችላል። ጨርሶ ማጥፋት ግን አይችልም።»

ማታ በአውቶቡስ ስንመለስ መስኮቱን እያየች፣ «ፈራሁ» አለችኝ። ከዚያም፣ «አንቺ ጀምሪልኝ» አለች።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተቀባይ ነኝ፤ አንስቼ አላውቅም። ድምፄ እየተሰበረ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሼ እስክትቀበለኝ ጠበቅሁ። አልተቀበለችኝም።