ከዳንቴሉ ሥር ያለው ምድጃ

የፌንጣ አንድ ተራ ቀን ምን ይፈጃል ብሎ የሚጠይቅ ቢገኝ መልሱ አጭር አይደለም። ገና ሲነጋ አንድ ጣሳ ከሰል ይፈጃል፤ የሕፃን ልጇ ወተት ይሞቅበታል፣ ሻይ ይፈላበታል፣ ፍሙ ሳይሞት ደግሞ የምሳው ድስት ይጣድበታል። ከዚያ የጫማ ሶል ይፈጃል፤ ሥራዋ ከበር በር መዞር ነውና። ትዕግሥትም ይፈጃል፤ ግማሹ ለአማቷ፣ ጥቂቱ ለባሏ፣ የተረፈው በሩን ገርበብ አድርጎ «ዛሬ እንኳ አይመቸንም» ለሚላት ሁሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሆዷን ይፈጃል። ፌንጣ ስትጨነቅ ሆዷ ባር ባር ይላታል፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ ባር ባር ያላላት ቀን ቢቆጠር ጥቂት ነው።

ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ቀጫጭን እግሮቿን እያነሣች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከአንዱ ኩሬ ወዲያ ማዶ ስትዘል አይተው «ፌንጣ መጣች» አሉ፤ በዚያው ቀረ። አሁን ባሏም ሲቆጣ ካልሆነ በዋናው ስሟ አይጠራትም።

ፌንጣ የምትሠራው በክልሉ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ነው፤ በኮንትራት። ቢሮው የሙቀት አማቂ ጋዝ ስትራቴጂ የሚባል ነገር እያዘጋጀ ነበር። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው። ምድርን እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኖ የሚያሞቀው ጋዝ ከየት ከየት እንደሚወጣ ማወቅ፣ ከዚያም ከየቱ ላይ ምን ያህል መቀነስ እንደሚቻል መወሰን ነው። ከፋብሪካው ስንት፣ ከመኪናው ስንት፣ ከከብቱ ስንት፣ ከቆሻሻው ክምር ስንት፣ ከየቤቱ ኩሽና ስንት። ለፌንጣና ለጓደኞቿ የደረሳቸው ኩሽና ነበር። በር እያንኳኩ «በዋናነት ምግብ የምታበስሉት በምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ የተባሉትን ይጽፋሉ።

የተባሉትን ነው ታዲያ። ሥልጠናው ላይ አጥብቀው ያስያዟቸው ደንብ ይህ ነበር፦ የተነገራችሁን ጻፉ፣ ያያችሁትን አትጻፉ። ምክንያትም አለው። እያንዳንዱ መረጃ ሰብሳቢ የመሰለውን የሚጽፍ ከሆነ ውጤቱ የሰብሳቢው ግምት እንጂ የሕዝቡ መልስ አይሆንም። ፌንጣ ደንቡን ወደደችው፤ ከሰው ጋር አያጣላም።

ችግሩ ሰፈሩ ነው። እዚያ ሰፈር ውስጥ ቤቱ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለው። ምድጃው ግን ከቴሌቪዥኑ ጎን ወይም ቁም ሳጥኑ ላይ ጉብ ብሎ፣ ዳንቴል ለብሶ ነው የሚኖረው። ብዙ ቤት ባንዴ የሰካው እንደሆነ ምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመር እንደታመመ ሰው ያቃስታል፣ ከዚያ መንደሩ በሙሉ ድርግም ይላል። ስለዚህ ሁሉም የሚያበስለው በከሰል ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን የከሰሉ ምድጃ ወደ ጓሮ ይሸሻል፣ ዳንቴሉ ይነሣል፣ የኤሌክትሪኩ ምድጃ እንደ ሙሽራ ብቅ ይላል። አንድም ለወግ ነው፤ ቤትን በጢስ አጥኖ እንግዳ ማስገባት ያሳፍራል። አንድም ፍርሃት ነው፤ ከሰል የሚያነድ ይቀጣል የሚል ወሬ ነበር። ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ ሁሉም ግን ሰምቶታል።

መረጃ ሰብሳቢ የራሱን ቤት አይመዘግብም። የፌንጣን ቤት የመዘገበችው የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ ያን ቀን የሆነው እስካሁን ያስቃል። አማቷ ልጅቷ በር ላይ ስትደርስ ፍም የሞላውን ምድጃ የት ታድርገው? ጓሮው በታጠበ ልብስ ተሞልቷል። ቶሎ ብላ ጥግ አስቀመጠችውና የሕፃኗን መታጠቢያ ሳፋ ደፋችበት። ሳፋው ፕላስቲክ ነው። ልጅቷ ገና ሁለተኛውን ጥያቄ ሳትጨርስ ቤቱ በሚቀልጥ ፕላስቲክ ሽታ ታፈነ። አማቷ ዓይኗን ሳታሽ «በኤሌክትሪክ ነው የምናበስለው፣ ልጄ» አለች። ልጅቷም ዓይኗ እያለቀሰ «ኤሌክትሪክ» ብላ ጻፈች። ደንብ ነዋ።

ፌንጣም ያን ጊዜ ስቃ ነበር። ሳቋ የደረቀው የስትራቴጂው ረቂቅ ታትሞ ለሕዝብ ውይይት ሊቀርብ ሲል ነው። ገጹን እያስተካከሉ ስቴፕለር እንዲመቱ ከታዘዙት አንዷ ነበረች። ስለ ኩሽና የሚናገረው ምዕራፍ ላይ የከተማው ካርታ አለ፤ የሷ ሰፈር አረንጓዴ ተቀብቷል። መጀመሪያ ደስ አላት። ከዚያ ከካርታው ሥር ያለውን አነበበችው። አረንጓዴ ማለት ከከሰል የተላቀቀ ሰፈር ማለት ነው። አረንጓዴዎቹ ሰፈሮች ትራንስፎርመርም ሆነ የምድጃ ድጋፍ አያስፈልጋቸውም፤ እሱ ቡናማ ለተቀቡት ይሄዳል። በአረንጓዴዎቹ ውስጥ ከመጪው ክረምት ጀምሮ ከሰል ማስገባትም መሸጥም ይከለከላል።

ስቴፕለሩን አስቀመጠች።  ያ ሁሉ ቤት በክረምት፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ያለ ከሰልና ያለ መብራት በምን ሊያበስል ነው? የሕፃኗ ወተትስ? ስትራቴጂው ክፉ አይደለም፤ እሷም ከልቧ ታምንበታለች። አማቷ ጧት ጧት ስትስል የሚሰማ ሰው ከሰል ይቅር ቢባል አይከፋውም። ግን ሊመጣ የሚገባው ትራንስፎርመር ሌላ ሰፈር ሊሄድ፣ ያለው እሳት ደግሞ ሊጠፋ ነው። መልሱን ከየቤቱ ለቅማ ያመጣችው ደግሞ እሷው ራሷ ናት።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ በያጅ ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ሲናገርም እንደ ብየዳ ብልጭ ያደርጋታል። ውልሽ የሚያልቀው በዚህ ወር ነው፣ አሁን «የሰበሰብኩት ልክ አይደለም» ብለሽ አፍሽን ብትከፍቺ ማን ያድስልሻል አላት። እውነቱን ነው። አማቷ ሰምታ የሕፃኗን ወተት ልታሞቅ ወደ ከሰሉ ጎንበስ አለች።

በማግስቱ ጎረቤቷን ልብስ ሰፊዋን ልታማክር ሄደች። ልብስ ሰፊዋ የሰፈሩ አፍ ናት፤ እሷ እሺ ካለች ሌላው ይከተላል። ፌንጣ ነገሩን አስረድታ፣ ተመልሰው ቢጠይቋችሁ እውነቱን ትነግሯቸዋላችሁ ወይ አለቻት። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ሳታቆም አየቻት።

«አንቺ ፌንጣ፣ ባለፈው ኤሌክትሪክ ነው ስልሽ ምነው ታዲያ ዝም ብለሽ ጻፍሽ?»

«ደንቡ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው በደንብሽ ግፊበት። እኔ በመንግሥት ወረቀት ላይ ጢሳም ተብዬ አልጻፍም። ቅጣቱንስ ማን ይከፍልልኛል፣ አንቺ?»

ፌንጣ ቅጣት የለም ብትላት ሳቀችባት። ሌሎች ሁለት ቤትም ሞከረች፤ ሻይ ጋበዟት እንጂ አልሰሟትም። ሻዩ የፈላው በከሰል ነበር።

ስለዚህ ወደ ዶክተሯ ሄደች። ዶክተሯ ስትራቴጂውን የምታስተባብረው ሴት ናት፤ ዓይኖቿ በእንቅልፍ ማጣት ቀልተዋል፣ ጠረጴዛዋ ላይ የጀመረችው ዳቦ ደርቋል። ፌንጣ ሁሉንም ተናገረች፤ ዳንቴሉን፣ ወሬውን፣ የአማቷን ሳፋ ሳይቀር። ዶክተሯ አልተቆጣችም፣ አልገረማትምም። የሰፈሩ የመብራት ፍጆታ ከመልሱ ጋር እንደማይገጥም አይታ የመብራት መሥሪያ ቤቱን በደብዳቤ እንደጠየቀችና መልስ እንዳላገኘች ነገረቻት።

«ግን አንድ ሠራተኛ ስለነገረችኝ ብቻ የሰውን መልስ አልቀይርም» አለች ዶክተሯ። «ነገ ሌላዋ መጥታ በተቃራኒው ቀይሪልኝ ትለኛለች። ሰዎቹ ራሳቸው ውይይቱ ላይ ከተናገሩ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፤ ያኔ ምዕራፉን አግጄ እንደገና አስመዘግባለሁ። ካልተናገሩ ግን ረቂቁ እንዳለ ወደ ምክር ቤት ይሄዳል።»

«ማንም ባይናገርስ፣ ዶክተር?»

«ፍርሃቴ እሱ ነው።»

ስለ ውሉ ፌንጣ አልጠየቀችም። ዶክተሯ ግን ራሷ አንሥታ ቃል ልገባልሽ አልችልም አለቻት። ቢያንስ አላታለለቻትም።

ውይይቱ የተደረገው በትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ሞልተዋል፤ ሰፈሩ የክት ልብሱን ለብሶ መጥቷል። የቢሮው ሠራተኛ በውይይት ላይ አስተያየት አይሰጥም፤ ፌንጣ የታዘዘችው ማይክ እንድታዞር ብቻ ነው። የፋብሪካው ምዕራፍ አለፈ፣ የመኪናው አለፈ፣ ስለ ቆሻሻው ክምር ብዙ ተነጫነጩ። ወደ ኩሽናው ሲመጣ ያ አረንጓዴ ካርታ ግድግዳው ላይ በራ። ዶክተሯ እገዳውንም ትራንስፎርመሩንም ዘርዝራ አስረዳችና አስተያየት ካለ አለች።

 አንዱ ወንበሩን አንቋቋ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ እጇን አወጣች። ፌንጣ ማይኩን ስታቀብላት ተስፋ አድርጋ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ጉሮሮዋን ጠርጋ እንግዶቹን አመሰገነች፤ ሰፈራችን ዘምኗል፣ ሁላችንም በኤሌክትሪክ ነው የምናበስለው፣ አረንጓዴ መባላችን አኩርቶናል አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ጻፈ።

ፌንጣ ማይኩን ተቀብላ ቆመች። የራሷ እጅ ውስጥ ነው፤ ከንፈሯ አጠገብ ለማድረስ ክንዷን ማጠፍ ይበቃል። ባሏ ከኋላ ሆኖ ተይ በሚል ራሱን ሲነቀንቅ አየችው።  ይናገሩ ይሆን ብላ የሰዉን ዓይን በየተራ ብትፈልግ ሁሉም ጫማውን ያያል።

«አንቺ ልጅ፣ ያንን ነገር ወዲህ በዪው።»

አማቷ ናት። ከመቀመጫዋ አልተነሣችም፤ እጇን ብቻ ዘርግታለች። ፌንጣ ማይኩን ሰጠቻት። አማቷ ከአፏ አርቃ ያዘችውና የምትናገረው ከካርታው ጋር ይመስል ወደ ግድግዳው አፈጠጠች።

«እኔ የማበስለው በከሰል ነው። ስትመጡብኝ አፍሬ ደበቅኩት። የልጅ ልጄን ሳፋ አቀለጥኩበት፤ ምራቴ ትመስክር። የኤሌክትሪኩ ምድጃ አለኝ፣ ዳንቴሉን የሠራሁለትም እኔው ነኝ። ብሰካው ግን ይኼ ሁሉ ሰው ይጨልምበታል። አሁን ከሰሉን ከነሣችሁኝ ወተቱን በምን ላሙቅ?»

የሳቀ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ «አዋረዱን፣ እማማ» ብላ አጉረመረመች። አማቷም ዞር ብላ፣ ትናንት ከሰል አልቆብሽ ፍም የጫርሽው ከማን ቤት ነው አለቻት። ያኔ ነው አዳራሹ የፈነዳው። ሳቁ ገና ሳይበርድ ከኋላ አንድ አዛውንት ቅጣት አለ ሲባል ሰምተው እውነት እንደሆነ ጠየቁ። ዶክተሯ ቅጣት በረቂቁ ውስጥ እንደሌለ ገጹን ገልጣ ካሳየች በኋላ «በኤሌክትሪክ አበስላለሁ ለሚለኝ ሰፈር ግን ትራንስፎርመር ልሰጥ አልችልም» አለች። ከዚያ በኋላ ጥቂት እጆች ወጡ። ጥቂት ብቻ፤ የቀረው ሰው አሁንም ጫማውን እያየ ነበር።

ምዕራፉ ታገደ። ምዝገባው ምክር ቤቱ ከመሰብሰቡ በፊት እንዲደገም ተወሰነ፤ ካርታውን የሚቀይረው ግን የየቤቱ መልስ ብቻ ነው። ብዙው ቤት እንደ ድሮው ከመለሰ ካርታው አረንጓዴ እንደሆነ ይጸድቃል። የፌንጣም ውል እስከዚያው ተራዘመ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን ማንም አልነገራትም። ዶክተሯ ጥያቄውን ለውጣዋለች። አሁን የሚጠየቀው «ትናንት ምሳችሁ የበሰለው በምንድን ነው?» ተብሎ ነው።

ዛሬ ጧት ፌንጣ የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። ውስጥ ኮሽታ፣ የሚጎተት ብረት፣ ጥድፊያ ሰማች። በሩን የከፈተችው ሴት ጣቶቿ በከሰል ጠቁረዋል፤ ፈገግ ብላ «በኤሌክትሪክ ነው፣ የኔ እህት» አለቻት። ፌንጣ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ፣ ሆዷ ባር ባር እያላት፣ «ትናንት ምሳ ማለቴ ነው» አለች። ሴትየዋ የጠቆሩ ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች።  ከዚያ «ትናንትማ መብራት አልነበረም፣ በከሰል ነው» አለች ቀስ ብላ። ፌንጣ ጻፈችው። ገና ግን ብዙ በር ይቀራታል፤ ቀኑም አይበቃም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የየትም ሰፈር ሰዎች ብትሆኑ፣ ፌንጣ አንድ ነገር ትለምናችኋለች። ቦርሳዋን ያቀፈች ልጅ በራችሁን ስታንኳኳ ቤት ለማሳመር አትሩጡ። ምድጃችሁን ካለበት አታንሡት፣ ቢጨስም ይጭስ። ትናንት ምሳችሁ በምን እንደበሰለ ብቻ እንደሆነው ንገሯት። ጎረቤታችሁንም እንዲህ አድርጊ በሏት፤ እናንተን ትሰማለች።